ሕመም የሌለው ቃጠሎ

በ1867 ቪየና ውስጥ ቪንሰንዝ ቼርኒ የተባለ ወጣት ሐኪም የፀሐይን ብርሃን በመስታወትና በሌንስ ሰብስቦ ወደ እንስሳት ዓይን ላከ። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ብርሃኑን አንስቶ የዓይናቸውን ውስጥ ሲመለከት፣ የፀሐይዋ ምስል ያረፈበት የሬቲና ክፍል ተቃጥሎ አገኘው። ሬቲና ከዓይናችን በስተኋላ እንደ ስስ ወረቀት ተለጥፎ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን ነው። ፀሐይን አፍጥጦ ያየ ሰው ዓይኑ እንደሚጎዳ ከቼርኒ በፊትም ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ሲታወቅ ኖሯል። ሶቅራጥስ ግርዶሽን በቀጥታ ሳይሆን ውኃ ላይ ስለማየት የተናገረውን ፕላቶ ጽፎልናል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ ሰማይ ሲያልፍ ልጆቻችንን "በባዶ ዓይን እንዳታዩ" ያልነውም ይህንኑ ፈርተን ነው። የቼርኒ ሥራ የሚለየው ጉዳቱን ሆን ብሎ አድርሶ፣ አይቶና መርምሮ መመዝገቡ ላይ ነው።

የዚህ ጉዳት ክፋቱ አለማመሙ ነው። ጣቱን እሳት የነካው ሰው ሳያስብ እጁን ይሰበስባል። ሬቲና ግን የሕመም ነርቭ የለውም። ሲቃጠል አይጮኽም፣ ባለቤቱንም አያስጠነቅቅም። ጉዳቱ የሚታወቀው በኋላ፣ የሚያነበው ፊደል መሐሉ ሲጎድልበት፣ የሚያየው ፊት አፍንጫው ላይ ጭጋግ ሲያርፍበት ነው። "በኋላ" ያልሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ ለማወቅ ሳይንቲስቶች ብዙ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ጁላይ 9 ቀን 1945 አውሮፓ ላይ ግርዶሽ ነበር። ጦርነቱ ገና ማብቃቱ ነው። ሐምቡርግ ውስጥ ጌርድ ማየር-ሽቪከራት የተባለ ወጣት የዓይን ሐኪም፣ ግርዶሹን ሲያይ ሬቲናው የተቃጠለ አንድ የሕክምና ተማሪ መጣለት። ጠባሳውን ሲመረምር ሌላ ሐሳብ መጣበት። የሬቲና ቀዳዳ ሬቲናው ከግድግዳው እንዲላቀቅና ሰው እንዲታወር ያደርጋል። ፀሐይ እንዲህ ያለ ጠባሳ መተው ከቻለች፣ ያንን ቀዳዳ ዙሪያውን በብርሃን ተኩሶ ማጣበቅ ለምን አይቻልም? በባህላዊ ሕክምናችን የጋለ ብረት ይዞ እንደሚተኩሰው ሰው፣ እሱ በፀሐይ ሊተኩስ ተነሣ። የፀሐይ ብርሃን ከሕንፃ ጣሪያ በመስታወት እየመራ ሞከረ። ደመና ሲመጣ ሥራው ይቆማል። በኋላ የዜኖን መብራት ተሠራለትና ከሰማይ ጥገኝነት ተላቀቀ። የብርሃን ቃጠሎ ጉዳትም መድኃኒትም ሆኖ ታሪክ ውስጥ የገባው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው። ሁለቱን የሚለየው ልኩ ብቻ ነው፤ ልኩን ግን ገና ማንም አልለካውም።

ዲሴምበር 12 ቀን 1960 ከሰዓት በኋላ፣ በኒው ጀርሲ መሪ ሂል በረዶ ይጥል ነበር። በዚያ ባለው ቤል ላቦራቶሪስ ውስጥ ቴህራን የተወለደው ዓሊ ጃቫን፣ ከዊሊያም ቤኔትና ከዶናልድ ሄሪዮት ጋር በአንድ የመስታወት ቱቦ ዙሪያ ተሰብስቧል። ቱቦው 80 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል። ውስጡ ሂሊየምና ኒዮን ተቀላቅለው ገብተዋል፤ ሂሊየሙ ከኒዮኑ አሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በሁለቱ ጫፎች ፊት ለፊት የሚተያዩ መስታወቶች አሉ። ጋዙ በኤሌክትሪክ ኃይል ሲነቃቃ ቱቦው እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ኒዮን ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ሮዝ ብርሃን ይሰጣል። የሚያምር ብርሃን ነው፤ ሆኖም የሚፈለገው እሱ አልነበረም። የሚፈለገው በሁለቱ መስታወቶች መሐል እየተመላለሰ የሚጠነክረውና በአንደኛው በኩል እንደ ክር ቀጥ ብሎ የሚወጣው ጨረር ነው። ያ ጨረር በዚያ ቀን ወጣ፤ በዓለም የመጀመሪያው የጋዝ ሌዘር ሆነ።

ከሰባት ወር በፊት ቴዎዶር ማይማን ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያውን ሌዘር ከሩቢ ድንጋይ ሠርቶ ነበር። የማይማን ሌዘር ብልጭ ብሎ ይጠፋል። የጃቫን ግን እንደ ቧንቧ ውኃ ሳያቋርጥ ይፈሳል። ሌላም ልዩነት አለው፤ አይታይም። የሞገዱ ርዝመት 1,150 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ የሰው ዓይን አያየውም። ዓይን የማያየው ብርሃን ግን ወደ ዓይን አይገባም ማለት አይደለም። እስከ 1,400 ናኖሜትር ያለው ጨረር ኮርኒያ የሚባለውን ጥርት ያለ የዓይን የፊት ሽፋን፣ ሌንስንና ውስጡን የሞላውን ፈሳሽ አልፎ ሬቲና ድረስ ይደርሳል። የመጀመሪያው የጋዝ ሌዘር ጨረር እንግዲህ ሰው ሳያየው ሰው ዓይን ውስጥ ሊገባ የሚችል ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሁሉ ከነዓይናቸው መውጣታቸውን ሳስብ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ።

ማስጠንቀቂያው የመጣው ዓመት ሳይሞላ ነው። በኖቬምበር 1961 "ሳይንስ" መጽሔት በአንድ እትም ሁለት ጽሑፎች አወጣ። አንደኛውን የጻፉት ሊዮናርድ ሶሎን፣ ራፋኤል አሮንሰንና ጎርደን ጉልድ ናቸው፤ ሌዘር በሰው አካል ላይ፣ በተለይም በዓይን ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል በስሌት አሳዩ። ጉልድ በ1957 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ "ሌዘር" የሚለውን ስም የጻፈው ሰው ነው። ለፍጥረቱ ስም ያወጣለት ሰው አደጋውንም ቀድመው ከተናገሩት ጋር ስሙ መስፈሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሁለተኛው ጽሑፍ የሚልተን ዛሬትና የባልደረቦቹ ነበር። እነሱ ስሌት ላይ አልቆሙም፤ የሩቢ ሌዘር በጥንቸሎች ዓይን ላይ ተኮሱ። ከሰከንድ ሺኛ ክፍል በማይርቅ ቅጽበት ሬቲናው ተቃጠለ። ጥንቸሉ ዓይኑን ለመጨፈን እንኳ ጊዜ አልነበረውም።

በ1962 ደግሞ አለን ዋይትና ዴን ሪግደን ሂሊየም-ኒዮንን በ632.8 ናኖሜትር እንዲሠራ አደረጉት። ይህ ጨረር ቀይ ነው፤ ይታያል። ቱቦው እያጠረ፣ ዋጋው እየወረደ ሄደና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ ማሳያ፣ መሐንዲሶች ለመሬት ቅየሳ የሚጠቀሙበት መሣሪያ ሆነ። ኃይሉ አንድ ወይም ሁለት ሚሊዋት ነው፤ ለእጅ ባትሪ እንኳ አይበቃም። ይጎዳል ተብሎ የማይታሰብ፣ የሚያስደስት ቀይ ነጥብ ነበር።

ታዲያ ስለምን ይፈራል? መልሱ ያለው በዓይናችን አሠራር ውስጥ ነው። የአምፑል ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ከሱ ወደ ዓይናችን የሚገባው ጥቂት ነው፤ የገባውም ሬቲና ላይ የአምፑሉን ሙሉ ምስል እየሠራ ይሰራጫል። የሌዘር ጨረር ግን እንደ ክር ቀጥ ብሎ ስለሚመጣ ኮርኒያና ሌንስ ተባብረው ሬቲና ላይ ከጠጉር ውፍረት በጣም ያነሰች ነጥብ ላይ ያስቀምጡታል። በዚህ መንገድ በብሌኑ በኩል የገባው ብርሃን ሬቲና ላይ ሲያርፍ ጥንካሬው እስከ 100,000 እጥፍ ያድጋል። ሰውየው ወደ ጨረሩ ምንጭ ቀጥ ብሎ ካየ፣ ነጥቡ የሚያርፈው ፎቪያ በሚባለው፣ ስፋቱ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ በሆነው የሬቲና ማእከል ላይ ነው። የምናነበው፣ የሰው ፊት የምንለየው፣ መርፌ ውስጥ ክር የምንከተው በዚያች ቦታ ነው። "ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ብሎ ለሚምል ሕዝብ የዚችን ቦታ ዋጋ ማስረዳት አያስፈልግም።

1964 የጋዝ ሌዘር ታሪክ የተጣደፈበት ዓመት ነው። ዊሊያም ብሪጅስ የአርጎን ሌዘርን ሠራ፤ ጨረሩ 488 እና 514.5 ናኖሜትር ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ ነው። ሕንድ የተወለደው ኩማር ፓቴል ደግሞ በዚያው በቤል ላቦራቶሪስ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን አወጣ። ይህኛው በ10,600 ናኖሜትር የሚሠራ የማይታይ ሙቀት ነው፤ ብረት ይቆርጣል። ዓይንን የሚጎዳበት መንገድ ከሌሎቹ ጨርሶ ይለያል። ውኃ አጥብቆ ስለሚውጠው ከኮርኒያ አያልፍም፤ ከላይ የሚነካውን ስስ ሽፋን ይጠብሰዋል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ቤን ፋይን፣ ሳሙኤል ፋይንና ባልደረቦቻቸው ኮርኒያን የሚጎዳውን የዚህን ጨረር ልክ አጥንተው አሳተሙ። ኮርኒያ ሕመም የሚሰማው፣ አቧራ እንኳ ሲነካው የሚያስለቅስ አካል ነው፤ ስለዚህ ይህ ቃጠሎ ወዲያው ይታወቃል። ተራ መስታወትም ያስቀረዋል። ከሁሉ በላይ አስፈሪ የሚመስለው፣ ብረት ቆራጩ ሌዘር፣ ቢያንስ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል። ዝም ብሎ የሚያቃጥለው ያ የሚያምረው ቀይ ነጥብና ዘመዶቹ ናቸው።

ልኩን የማወቁ ሥራ በዋናነት በሁለት ቦታዎች ተያዘ። አንደኛው ፊላዴልፊያ የነበረው የአሜሪካ ጦር ፍራንክፎርድ አርሰናል፣ ሁለተኛው ሪችመንድ ያለው የቨርጂኒያ ሕክምና ኮሌጅ ነው። በሪችመንድ የነበረው ዊሊያም ሃም የባዮፊዚክስ ሊቅ ነበር። ከሌዘር በፊትም የአቶሚክ ቦምብ ብልጭታ ሬቲናን እንዴት እንደሚያቃጥል ሲያጠና ቆይቷል። ያ ጥናት ነበር ወደ ሌዘር ያሻገረው።

የሥራውን ሁኔታ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ሪሰስ የተባለችው ጦጣ ዓይኗ ከሰው ዓይን ጋር ይቀራረባል፤ እንደኛ ፎቪያ አላት። ማደንዘዣ ትወስዳለች፤ ብሌኗ በጠብታ መድኃኒት ይከፈታል። ተመራማሪው በመሣሪያ ወደ ዓይኗ ውስጥ እያየ ቦታ ይመርጣል፤ የጨረሩ ኃይልና ጊዜ ይለካል፤ መዝጊያው ተከፍቶ ይዘጋል። ወደ ቀጣዩ ቦታ ይሻገራል፤ ኃይሉን ጥቂት ቀነስ ያደርጋል፤ እንደገና። በአንድ ሬቲና ላይ ብዙ ነጥቦች በተርታ ይሰፍራሉ። ከዚያ ይጠበቃል፤ እንደ ጥናቱ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ቀን። ዳግም ሲታይ ነጭ ነጥብ ያለበት "ጉዳት" ተብሎ፣ የሌለበት "የለም" ተብሎ ይመዘገባል። ከተተኮሱት ነጥቦች ግማሾቹ ጉዳት ያሳዩበት መጠን የጉዳቱ ደፍ ተባለ። ለሰው የሚፈቀደው ከዚያ በብዙ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሥር እጥፍ ገደማ እንዲያንስ ተደረገ። ሃምና ባልደረቦቹ የሂሊየም-ኒዮንን ደፍ በ1970 አሳተሙ፤ የፍራንክፎርዱ ላፒንም በዚያው ዓመት የራሱን አወጣ።

ዛሬ ማንም ሰው ስለ ሌዘር ደኅንነት የሚጠቅሰው ቁጥር መሠረቱ የእነዚያ ጦጣዎች ዓይን ነው። ለማን ተብሎ እንደታወሩ ሳያውቁ የከፈሉት ዕዳ ነው፤ ባለዕዳዎቹ እኛ ነን፤ ቢያንስ መዘንጋት የለበትም።

ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱ እንዴት እንደተገኘ ላሳይ። ደማቅ ብርሃን ዓይኑን የመታው ሰው በሩብ ሰከንድ ውስጥ ይጨፍናል ወይም ፊቱን ያዞራል። በጨለማ የተከፈተ ብሌን 7 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል፤ ስፋቱ 0.4 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ለሩብ ሰከንድ የሚፈቀደው መጠን በካሬ ሴንቲሜትር 2.5 ሚሊዋት ነው። ሁለቱን ብታባዟቸው አንድ ሚሊዋት ይመጣል። በመሣሪያዎች ላይ በተለጠፈው ቢጫ ማስጠንቀቂያ የሚነበበው "ከ1 ሚሊዋት ያልበለጠ" የሚለው ጽሑፍ ከዚህ የወጣ ነው፤ ከዓይን ቆብ ፍጥነት። በ1973 የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም የመጀመሪያውን የሌዘር ደኅንነት ደረጃ አወጣ፤ በ1976 ደግሞ ሌዘሮች እንደየአደጋቸው በክፍል እንዲመደቡ የሚያስገድደው የፌዴራል ደንብ ሥራ ላይ ዋለ።

በዚሁ ዘመን ሐኪሞች ያንኑ ቃጠሎ ሆን ብለው ይጠቀሙበት ጀመር። ከ1968 ወዲህ ፍራንሲስ ሌስፔራንስ በኒው ዮርክ፣ ክርስቲያን ዝዌንግና ሃንተር ሊትል በካሊፎርኒያ የአርጎን ጨረርን ለሬቲና ሕክምና አዋሉት። የአርጎን አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን በደም ቀይ ቀለም በደንብ ስለሚዋጥ ለደም ሥር በሽታ የተመቸ ነበር። የስኳር ሕመም ሬቲና ላይ ደካማ ደም ሥሮች ያበቅላል፤ እነሱ ሲደሙ ሰው ይታወራል። በ1971 የተጀመረው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት ከ1,700 በላይ ሕሙማንን ይዞ፣ አንዱን ዓይናቸውን በአርጎን ወይም በዜኖን ብርሃን እየተኮሰ ሌላውን ሳይነካ ተከታተለ። በ1976 የወጣው ውጤት በተተኮሰው ዓይን ከባድ የማየት መጥፋት ከግማሽ በላይ መቀነሱን አሳየ። በአርጎን ሲሆን ሐኪሙ እያንዳንዳቸው የሰከንድ አንድ አሥረኛ የሚቆዩ ከ800 እስከ 1,600 ቃጠሎዎችን ከማእከሉ ውጭ ባለው ሬቲና ላይ ይበትናል። ሕመምተኛው የጎንና የሌሊት እይታውን በከፊል ይሰጣል፤ በምላሹ የሚያነብበትን ማእከል ይይዛል። ከባድ ልውውጥ ነው፤ ግን የሚያዋጣ ነው።

በዚያው 1976 ሁሉን ያናወጠ ግኝት ወጣ። እስከዚያ ድረስ ጉዳት ማለት ሙቀት ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ሬቲና ይግላል፣ እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋል፣ ነጭ ነጥብ ይታያል። ቨርነር ኖኤል በ1966 ተራ መብራት ለብዙ ሰዓት ሲበራባቸው የአይጦች ሬቲና ያለ ሙቀት መጎዳቱን አሳይቶ ነበር፤ የሌዘር ሰዎች ግን ብዙ አላስተዋሉትም። ሃም፣ ሃሮልድ ሙለርና ዴቪድ ስላይኒ ከ1,064 እስከ 441 ናኖሜትር ባሉ ስምንት የሌዘር ሞገዶች የጦጣዎችን ዓይን ፈተሹ፤ ጊዜውን ከ1 ሰከንድ እስከ 1,000 ሰከንድ አራዘሙ። ሰማያዊው ጨረር ላይ ሲደርሱ ስሌቱ ፈረሰ። ሬቲናውን የሚጎዳው መጠን እጅግ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ሙቀቱን ከፍ አደረገ ሊባል አይችልም። ቃጠሎ ሳይኖር ጉዳት አለ። ብርሃኑ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ኬሚስትሪ ራሱን ያበላሻል።

ይህ ጉዳት ወዲያው አይታይም። የሙቀት ቃጠሎ በደቂቃዎች ነጥቶ ሲታይ፣ የሰማያዊ ብርሃን ጉዳት ግን አንድ ወይም ሁለት ቀን ቆይቶ ነው የሚወጣው። በአንድ ሰዓት አይቶ "ጉዳት የለም" ብሎ የጻፈ ሰው ለጻፈው እውነተኛ ነበር፤ ያየበት ሰዓት ግን ገና ነበር። ይህን ሳነብ ብዙ ጊዜ ቆም እላለሁ። የሚሠሩት ሁሉ ጠንቃቆች ነበሩ፣ የመለኪያ መሣሪያቸው ትክክል ነበር፤ የሳቱት ሰዓቱን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደኅንነት ደረጃዎች ለሰማያዊ ብርሃን የተለየ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ሲያዩት የሚጠብቅ ገደብ አስገቡ።

በ1981 ደግሞ የጉዳት ጥናት ከራሱ ከጉዳቱ ሕክምና ወለደ። የአሜሪካ አየር ኃይል ተመራማሪ የሆነው ጆን ታቦአዳና ባልደረቦቹ ኤክሳይመር የሚባሉት የጋዝ ሌዘሮች አልትራቫዮሌት ጨረር ኮርኒያን ምን ያህል እንደሚጎዳ ሲለኩ፣ የላይኛው ሽፋን ለጨረሩ እጅግ ስሱ ሆኖ አገኙት። ዓላማቸው የደኅንነት ልክ ማግኘት ነበር። ኒው ዮርክ ያለው የዓይን ሐኪም ስቲቨን ትሮከል ግን ከአይቢኤሙ ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን ጋር ሆኖ በ1983 የከብት ኮርኒያ በ193 ናኖሜትሩ ኤክሳይመር ቢቆረጥ ዙሪያውን ሳያቃጥል ጥርት ብሎ እንደሚነሣ አሳየ። አንድ ምት የሚያነሣው ከሚሊሜትር ሺኛ ክፍል ያነሰ ነው። በ1988 ማርጌሪት ማክዶናልድ ሉዊዚያና ውስጥ በሚያይ የሰው ዓይን ላይ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ የእይታ ማስተካከያ አደረገች። ሕመምተኛዋ በካንሰር ምክንያት ያ ዓይኗ ሊወጣ የተወሰነባት ሴት ነበረች፤ ከመውጣቱ በፊት ለሌሎች ጥቅም አዋለችው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ መነጽራቸውን የጣሉ ሚሊዮኖች ለዚህች ሴት ባለዕዳ ናቸው።

የአርጎን ሕክምና በሃያ ዓመቱ ራሱ ሐኪሞቹን ይመረምር ጀመር። በ1989 ለንደን ውስጥ ጂዮፍሪ አርደንና ባልደረባው በአርጎን ሌዘር የሚሠሩ የዓይን ሐኪሞችን ቀለም የመለየት ችሎታ ፈተኑ። ሰማያዊንና ቢጫን የመለየት ኃይላቸው ደከም ብሎ ተገኘ። ምክንያቱ የሚያሳዝን ቀላል ነገር ነው። ዋናው ምት ሲተኮስ የሐኪሙን ዓይን የሚጠብቅ ማጣሪያ ይወርዳል፤ ቦታ ለማነጣጠር የሚበራው ደካማው ሰማያዊ ጨረር ግን ያለማጣሪያ ይቆያል፤ በሕመምተኛው ዓይን ላይ ከተደረገው ሌንስም እየተንጸባረቀ ተመልሶ ወደ ሐኪሙ ይገባል። ሐኪሙ በቀን ደጋግሞ፣ ለዓመታት፣ የታማሚውን ዓይን ሲያድን የራሱን ቀለም ይሰጥ ነበር። ከሰዓት ወደ ቀን የተራዘመው የጉዳቱ መታያ እዚህ ላይ ወደ ዓመታት ተሻገረ። መፍትሔው ሰማያዊውን ማስቀረትና ማነጣጠሪያውን በሌላ ቀለም መተካት ሆነ፤ በብዙ መሣሪያ ላይ ያንን ቦታ የያዘው ያ አሮጌው የሂሊየም-ኒዮን ቀይ ነጥብ ነበር።

የጉዳቱ እውቀት ወደ ጦር ሜዳም ሊያመራ ይችል ነበር። ሰውን ሆን ብሎ ለማሳወር የታቀዱ የሌዘር መሣሪያዎችን የሚከለክለው ስምምነት በኦክቶበር 1995 ቪየና ላይ ጸደቀ፤ በ1998 ጸና። ቼርኒ ፀሐይን በሌንስ ከሰበሰበባት ከተማ ነው የወጣው።

በአዲሱ ምዕተ ዓመት መግቢያ የጋዙ ቱቦ ቦታውን ለትንሿ ዳዮድ ለቀቀ፤ ቀዩ ነጥብም በእያንዳንዱ መምህር ኪስ ገባ። ጥያቄው ያው ነው፤ የሰው ዓይን ላይ ምን ያደርጋል? ጦጣ ሰው አይደለችም። በሚኒሶታ ማዮ ክሊኒክ ዴኒስ ሮበርትሰንና ባልደረቦቹ በካንሰር ምክንያት ዓይናቸው ሊወጣ የተወሰነባቸውን ሕሙማን ጠየቁ፤ ሰዎቹም ፈቀዱ። በ2000 በታተመው ጥናት ሦስት ሕሙማን ወደ ቀይ ጠቋሚ ሌዘር እንዲያዩ ተደርጎ ዘላቂ ጉዳት አልተገኘባቸውም። በ2005 የታተመው ደግሞ ስለ አረንጓዴው ነው። አንዲት የ55 ዓመት ሴት ልታጣው ባለችው ዓይኗ አረንጓዴውን ጨረር ተመለከተች። ወዲያው አላመማትም። ከ24 ሰዓት በኋላ ሐኪሞቹ ዳግም ወደ ዓይኗ ውስጥ ሲያዩ፣ ጨረሩ ባረፈበት ማእከል ላይ ቢጫ የሆነች ትንሽ ነጥብ አገኙ። ዓይኗ ከወጣ በኋላ ያችን ነጥብ በስስ በስሱ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ አዩአት።